ዋሱ ማን ነው? ከገላባት እስከ ኦምዱርማን የጭነት ስርቆትንና ማጭበርበርን በጋራ ስለመከላከል

በምዕራብ ኦምዱርማን በሚገኘው የሙወይሊሕ የከብት ገበያ ልምድ ያለው ገዢ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አንድ ነገር ያጣራል። «ዳሚኑ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዳሚን በእኛ አነጋገር ዋስ ማለት ነው። ሻጩ ከብቱ የራሱ እንደሆነና እንዳልተሰረቀ የሚመሰክርለት የታወቀ ሰው ከሌለው ሰንጋው የቱንም ያህል ቢያምር ጠንቃቃ ገዢ እጁን አይዘረጋም።

ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው ግን ገበያው ውስጥ ብቻ ነው። ያው ሰንጋ ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ሙወይሊሕ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ አለፈ? ሾፌሩን የሚያውቀው ማን ነው? መኪናውስ የማን ነው? ገበያ ላይ አንድ ወይፈን ያለ ዋስ የማንገዛ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ሲሆን የዓመት ልፋታችንን ስሙን እንኳ በቅጡ ለማናውቀው ሰው አስረክበን እንመለሳለን።

የዛሬው ትምህርት የሚናገረው አንድ ነገር ነው። የገበያው ዋስትና ወደ መንገዱ መውረድ አለበት። ይህን ደግሞ አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። በመጀመሪያ ከብት የት ላይ እንደሚጠፋ እናያለን፤ ቀጥለን አባቶቻችንና ሱዳኖች ስርቆትን እንዴት ይከላከሉ እንደነበር፣ ጦርነቱ ምን እንዳፈረሰና በሌላው ዓለም ያሉ የጭነት ነጋዴዎች ምን እንዳደረጉ እንመለከታለን። በመጨረሻ እኛ ነገ ጠዋት ልንጀምረው የምንችለውን እናስቀምጣለን።

አራቱ ርክክቦች

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። የታጠቀ ዘራፊ መኪና አስቁሞ ከብት ቢወስድ ወሬው በማግስቱ ገበያውን ይሞላዋል። ወሬው የማይሰማውና ባለቤቱም አንዳንድ ጊዜ ሳያውቀው የሚያልፈው ስርቆት ግን በርክክብ ላይ የሚፈጸመው ነው። በዚህ መንገድ ላይ ቢያንስ አራት ርክክቦች አሉ።

የመጀመሪያው መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። ከየገበያው የተገዛው ከብት ለላኪው ወይም ለወኪሉ ይሰጣል። ሁለተኛው ገላባት ላይ ነው። ከብቱ ብዙውን ጊዜ ድንበሩን በእግሩ ይሻገርና በሱዳን መኪና ይጫናል። ሦስተኛው ገዳሪፍ ላይ ነው። ከብቱ ወርዶ ውሃና መኖ ያገኛል፣ መኪና የሚቀየርበትም ጊዜ አለ። አራተኛው ኦምዱርማን ላይ ነው። እዚያ ያለው ወኪል ተቀብሎ ሰባባ ለሚባሉት የገበያ ደላሎችና ለዳሚኑ ያቀርባል።

በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ «ይህን ያህል ሰጥቻለሁ»፣ ሌላው «ይህን ያህል ተቀብያለሁ» ይላል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ካልፈረሙ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የሌባ ነው። የጎደለው ከብት የጎደለው ገላባት ላይ ይሁን ገዳሪፍ ላይ ማንም ማወቅ አይችልም፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ፊተኛው ይጠቁማል፣ ባለቤቱም ከማንም ጋር ሊካሰስ ሳይችል ይቀራል።

እንዴት ይሰርቁናል?

በቀጥታ ስርቆት ከማይመስለው እንጀምር፤ የቅያሬ ስርቆትን ማለታችን ነው። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 20 የደለቡ ሰንጋዎች ከገላባት ጫነ እንበል። ኦምዱርማን ላይ ወኪሉ ሲቆጥር 20 አገኘ። ቁጥሩ ሞልቷል። ነገር ግን ከ20ው ሦስቱ መንገድ ላይ በከሱ በሬዎች ተተክተዋል። ነጋዴው ወኪሉን ደውሎ ሲጠይቅ «መንገዱ ጎድቷቸዋል» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ እውነት ይመስላል፤ ረጅም መንገድ ተጭኖ የሚሄድ ከብት ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊያጣ ይችላልና። ሌባው የሚደበቀው በዚህ እውነት ጥላ ሥር ነው። በቁጥር ብቻ መረካከብ ከቅያሬ አያድንም። እያንዳንዱ ከብት በመልኩ፣ በቀንዱና በምልክቱ መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው «ሞተ» የሚለው ነው። መንገድ ላይ ከብት ይሞታል፤ ይህ የማይቀር ነው። ሊሞት የደረሰውን አርዶ ሥጋውን በመንደር መሸጥም የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ ማስረጃ አለመጠየቁ ነው። የሞተበት ቦታ፣ ሰዓትና ፎቶ፣ እንዲሁም ምልክቱ ያለበት ጆሮ ወይም ቆዳ ካልቀረበ «ሞተ» የተባለው ሰንጋ በሌላ ገበያ በእግሩ ቆሞ ሊሸጥ ይችላል።

ሦስተኛው የሐሰት ጫኝ ነው። ደላላው መኪና አለኝ ብሎ ጭነቱን ይቀበላል። ራሱ መኪና ስለሌለው ለሁለተኛ ደላላ ያስተላልፈዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለሦስተኛ። ጭነቱን በመጨረሻ የሚያነሳው ሾፌር ባለቤቱ የተስማማበት ሰው አይደለም። ሁሉም ከኪራዩ ላይ ቆንጥሮ ከወሰደ በኋላ ለሾፌሩ የሚደርሰው ለነዳጅ እንኳ የማይበቃ ሲሆን፣ ሾፌሩ ጉድለቱን ከከብቱ ላይ ለመሙላት ይፈተናል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሾፌሩ ሐሰተኛ ሰሌዳና ሐሰተኛ ሊብሬ ይዞ ጭነቱን ሙሉ በሙሉ ይዞ የሚሰወርበት ነው።

አራተኛው በክፍያ ላይ የሚደረግ ማጭበርበር ነው። በሱዳን ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ንግዱ ወደ ስልክ ዞሯል፤ የካርቱም ባንክ «በንከክ» የተባለው መተግበሪያ የብዙ ነጋዴ ካዝና ሆኗል። አጭበርባሪውም ተከትሎ መጥቷል። የተላከ የሚመስል የክፍያ ማረጋገጫ ምስል በስልኩ አሳይቶ ከብቱን ይነዳል። ምስል ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ገባ የሚባለው ተቀባዩ የራሱን ሒሳብ በራሱ ስልክ ከፍቶ ሲያየው ብቻ ነው።

አምስተኛው የወረቀት ማጭበርበር ነው። የክትባትና የጤና ወረቀት ተመሳስሎ ይሠራል፣ ወይም የአንዱ መንጋ ወረቀት ለሌላው ይውላል። ይህ ባለቤቱን ብቻ የሚጎዳ የሚመስለው ይሳሳታል። ሳዑዲ ዓረቢያ ባለፉት ዓመታት በበሽታ መከላከያ ምርመራ ምክንያት የሱዳን በጎች የጫኑ መርከቦችን ደጋግማ መልሳለች። መርከብ ሲመለስ ሕግ የጠበቀውም ያልጠበቀውም ነጋዴ አብረው ይከስራሉ።

የቆየው ጥበብ

የሱዳን የከብት ንግድ ለዚህ ሁሉ የቆየ መላ ነበረው። ዳሚኑን አንስተናል። የዳሚን ጉልበቱ በገበያው መታወቁ ነው። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ሻጩን እንዲያቀርብ ወይም ኪሳራውን እንዲሸፍን የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ለማያውቀው ሰው አይዋስም። ቃሉን ውድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሁለተኛው መላ ወስም ነው። እያንዳንዱ ጎሳና ቤተሰብ በእሳት የሚያትመው የራሱ ምልክት አለው። ግመልን ያየ አዋቂ ከየት አካባቢና ከማን ቤት እንደመጣ ይናገራል። ሦስተኛው ኸቢር የሚባለው የቅፍለት መሪ ነው። ከሱዳን ወደ ግብፅ በሚወስደው የአርባ ቀን መንገድ ላይ ኸቢሩ የብዙ ነጋዴዎችን ግመሎች በአንድነት እየመራ ይሄዳል፤ የእያንዳንዱ ነጋዴ ግመል በምልክቱ ይለያል። በረሃውን የሚያቋርጠው መንጋ የብዙ ሰው ቢሆንም ተጠያቂው አንድ ነው። የዛሬ የጭነት ኩባንያ ሊሠራው የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

በአገራችንም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ። በአንድ አካባቢ ስርቆት ሲፈጸም ነዋሪው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅም አይበተንም። ካልታወቀ ኪሳራውን ሁሉም በጋራ ይከፍላል። ከባድ ሥርዓት ነው፤ ጥቆማው ንጹሕ ሰው ላይ የሚያርፍበት ጊዜም ነበር፣ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን። መሠረተ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። የአንዱ ሰው ከብት መጥፋት የሁሉም ጉዳይ ነው። ዋስና የዋስ ጠሪ የሚሉት ቃላትም ከዚሁ የኑሮ ልማድ የወጡ ናቸው።

ጦርነቱ ያፈረሰው

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር የፈረሰው ሕንፃና ድልድይ ብቻ አይደለም። እንደ ዴምና ጀሪፍ ባሉ ሰፈሮች በብዛት ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተበተኑ። አንድ ነጋዴ «እከሌን ታውቀዋለህ?» ብሎ ጠይቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ የሚያገኝበት የትውውቅ መረብ ተበጠሰ። ዳሚኖችም ተሰደዱ።

መንገዱም ተቆረጠ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ወድ መዳኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም የሚወስደው የተለመደው መስመር ተዘጋ፤ ከተማዋ ወደ ጦር ሠራዊቱ የተመለሰችው ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሠራዊቱ የካርቱምን ግዛት ሙሉ በሙሉ መቆጣጠሩን ያስታወቀው ደግሞ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። በእኛም በኩል የመተማና የገላባት መተላለፊያ በፖለቲካና በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በሱዳን ውሳኔ ተዘግቶ በሐምሌ ተከፈተ፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻም በኢትዮጵያ በኩል በተነሳው ግጭት ሳቢያ እንደገና ተዘጋ። በር በተዘጋ ቁጥር ከብት በጫካ መንገድ ይሄዳል፣ በጫካ መንገድ ደግሞ ወረቀትና ዋስ የለም።

ለእኛ ጉዳይ ሁለት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው የመኪናው ጉዳይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በካርቱም በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ተዘርፈዋል። ስለዚህ ሾፌሩ መሪው ላይ መቀመጡ፣ ቁልፍና ወረቀት መያዙ የመኪናው ባለቤት ወይም ሕጋዊ ተላላኪ መሆኑን አያረጋግጥም። የተዘረፈ መኪና ኬላ ላይ ቢያዝ ከላዩ ያለው ከብትም አብሮ ይቆማል። ውሃና መኖ በሌለበት ኬላ ሁለት ቀን የቆመ ከብት ምን እንደሚሆን ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አይነገረውም።

ሁለተኛው የስልክ ጉዳይ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው ሱዳን ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ሒሳቡ ሁሉ በስልክ ብቻ የነበረ ነጋዴ የት እንዳለ እንኳ ማወቅ የማይችል ጭነት ነበረው። ስለዚህ በዋትሳፕና በቴሌግራም የምንሠራው ሁሉ የወረቀት ቅጂ ሊኖረው ይገባል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የጭነት ስርቆት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ የጭነት ስርቆትን የሚመዘግበው ካርጎኔት እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 3,625 ክስተቶችን መዝግቧል። ከእነዚህ መካከል ብዙ የሚያነጋግረው መሣሪያ የማይነሳበት ስርቆት ነው። ሌባው ትክክለኛ የሚመስል የአጓጓዥ ስምና ወረቀት ይዞ መጋዘን ይመጣል፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ይጭንለታል፣ ከዚያ ይሰወራል። ከላይ «የሐሰት ጫኝ» ካልነው ጋር አንድ ነው።

መልሳቸውም ኅብረት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ታፓ የተባለው ማኅበር ዕቃ ላኪዎችን፣ አጓጓዦችንና የጥበቃ ባለሙያዎችን ያሰባሰበ ነው። አባላቱ ገበያ ላይ ተፎካካሪዎች ናቸው። ዋጋቸውንና ደንበኞቻቸውን አይነጋገሩም። የት ቦታ፣ በምን ዘዴ፣ በምን ዓይነት መኪና ስርቆት እንደተፈጸመ ግን ይነጋገራሉ። ይህን መለየት ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ዋጋህን ደብቅ፣ ሌባህን አትደብቅ።

ቴክኖሎጂም አለ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በጋራ የሚከታተሉት የኤሌክትሮኒክ ማኅተም በድንበር ተሻጋሪ ኮንቴይነሮች ላይ ይታሰራል፤ መንገድ ላይ ቢከፈት መልእክት ይልካል። ይሁንና ይህ ለእኛ በቀጥታ አይሠራም። ኮንቴይነር ታሽጎ ይሄዳል፤ ከብት ግን ይተነፍሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ይወጣል። የእኛ ማኅተም በከብቱ ጆሮ ላይ ያለው ምልክትና በወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ነው።

የባሕሩንም አንርሳ። ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. «በድር 1» የተባለችው መርከብ ሱዋኪን ወደብ ላይ ሰመጠች። የተሠራችው 9,000 ያህል በግ እንድትይዝ ሲሆን የጫነችው ግን ከ15,000 በላይ ነበር። የመርከቧ ሠራተኞች ተረፉ፤ በጎቹ ጥቂት መቶዎች ሲቀሩ አለቁ። የጠፋው ሀብት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በጎቻቸውን የጫኑት ባለቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ያውቁ ነበር ብንል እንኳ ጠቅላላውን ጭነት አስልቶ «ይበቃል» የሚል አልነበረም። አብሮ መጫን ብቻውን ኅብረት አይደለም። አብሮ መቁጠርን ይጠይቃል።

ነገ ልንጀምረው የምንችለው

ከዚህ በታች ያሉት አምስት ስምምነቶች መንግሥትን አይጠብቁም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቁም። በአንድ መስመር የሚሠሩ አሥር ነጋዴዎች ከተስማሙ መጀመር ይቻላል።

1. አንድ ዓይነት የርክክብ ወረቀት። ሁላችንም በአማርኛና በዐረብኛ የተዘጋጀ አንድ ቅጽ እንጠቀም። በቅጹ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤ የእያንዳንዱ ከብት ዓይነት፣ መልክ፣ የቀንድ ሁኔታና የጆሮ ወይም የእሳት ምልክት፤ የሾፌሩና የረዳቱ ስምና ስልክ፤ የመኪናው ሰሌዳ፤ የተስማሙበት ኪራይ ይጻፋል። በአራቱም ርክክቦች ሰጪም ተቀባይም ይፈርማሉ። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ለላኪ፣ አንዱ ለሾፌር፣ አንዱ ለተቀባይ። ያልፈረመ ሾፌር አይነሳ።

2. የጋራ ምልክት። የቡድኑ አባላት እያንዳንዳቸው አንድ ምልክት ይያዙ፤ ምልክቶቹም በአንድ መዝገብ ይስፈሩ። መዝገቡን ገዳሪፍና ሙወይሊሕ ያሉ ወኪሎችና ዳሚኖች ይያዙት። ያን ጊዜ ያለ ባለቤቱ እውቅና ገበያ የወጣ ሰንጋ በመጀመሪያው ዳሚን ፊት ይጋለጣል።

3. ዋስ ያለው ሾፌር። ከብት ያለ ዋስ እንደማንገዛ ሁሉ መኪናም ያለ ዋስ አንከራይ። ሾፌሩ ከዚህ ቀደም ያጓጓዘላቸው ሁለት ነጋዴዎች በስልክ ይመስክሩለት። የመኪናው ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ይጠየቅ፤ የምንደውለውም ሾፌሩ በሰጠን ቁጥር ሳይሆን በሌላ መንገድ ባገኘነው ቁጥር ይሁን። ጭነቱን የተቀበለ ደላላ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ደላላ እንዳያስተላልፍ በቅጹ ላይ ይጻፍ።

4. የመንገድ ጥሪ። ሾፌሩ በታወቁ ሦስት ወይም አራት ቦታዎች ይደውል። ለምሳሌ ገላባትን ሲለቅ፣ ገዳሪፍ ሲገባ፣ ገዳሪፍን ሲለቅና ኦምዱርማን ሲደርስ። በተቀጠረው ሰዓት ካልደወለ የሚከታተለው ባለቤቱ ብቻ አይሁን፤ በአካባቢው ያለ የቡድኑ አባል ወጥቶ ይይ። መተማ የተቀመጠ ሰው ገዳሪፍ ላይ የሆነውን አያይም፤ ገዳሪፍ ያለው ወንድሙ ግን ያያል። በኬላ የሚከፈል ገንዘብም በዚሁ ጥሪ ይነገር፤ ካርኒ ከሌለ ቦታውና መጠኑ ይመዝገብ። የአሥር ሾፌሮች ሒሳብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ያልተከፈለን «ተከፈለ» ያለው ይታወቃል።

5. ያልተቋረጠ የማስጠንቀቂያ መረብ። ማጭበርበር የደረሰበት አባል በዚያው ቀን ለሁሉም ያሳውቅ። ብዙዎቻችን የምንደክመው እዚህ ላይ ነው። የተታለለ ነጋዴ ያፍራል። «ሞኝ ይሉኛል»፣ «ዱቤ የሚሰጠኝ አጣለሁ» ብሎ ዝም ይላል። እርሱ ዝም ሲል ያው ሾፌር በሳምንቱ የሌላውን ከብት ይጭናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በወሩ መጨረሻ ሁሉም ለየብቻው ተዘርፎ ሲገናኝ የሌባው ስም አንድ ሆኖ ያገኘዋል።

የስም መዝገብ አደጋ

ከአምስተኛው ስምምነት ጋር አብሮ የሚመጣ አደጋ አለ፤ በአፈርሳታ ላይ ያነሳነው ነው። የስም መዝገብ በግዴለሽነት ከተያዘ ንጹሕ ሰውን ከእንጀራው ያፈናቅላል። በእውነት የተዘረፈ ሾፌር እንደ ሌባ ሊቆጠር ይችላል። በኪራይ የተጣላ ነጋዴ ለበቀል ስም ሊያስገባ ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ፤ «የእነ እከሌ ጎሳ»፣ «የዚያ አገር ሾፌሮች» የሚል ቃል ከገባ መዝገቡ የጠብ እሳት ይሆናል። በሱዳንም በኢትዮጵያም የዚህን ዋጋ አይተነዋል።

ስለዚህ መዝገቡ ሕግ ይኑረው። በአንድ ሰው ቃል ብቻ ስም አይግባ፤ የተፈረመ የርክክብ ወረቀት ወይም ሁለት ምስክር ይቅረብ። ስሙ ከመግባቱ በፊት ሰውየው ተጠርቶ ይሰማ። የሚጻፈው የሆነው ነገር እንጂ ፍርድ አይሁን፤ «ሌባ ነው» ከማለት «በዚህ ቀን 20 ከብት ተቀብሎ 18 አስረክቧል፣ ለ2ቱ ማስረጃ አላቀረበም» ማለት ይሻላል። የከፈለና የታረቀ ሰው ስሙ ይሰረዝለት። ጎሳ፣ ሃይማኖትና ዜግነት ፈጽሞ አይጻፍ። እነዚህን ሕጎች የጠበቀ መዝገብ ሾፌሮችን ራሳቸውን ይጠቅማል፤ ታማኙ ሾፌር ስሙ ንጹሕ መሆኑን አሳይቶ የተሻለ ኪራይ መጠየቅ ይችላልና።

ስርቆት ሲፈጸም

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደረገው ነገር ከሳምንታት ክርክር ይበልጣል። በቅድሚያ የከብቶቹን ምልክትና ፎቶ ለገዳሪፍና ለሙወይሊሕ ዳሚኖች ላኩ፤ የተሰረቀ ከብት ገንዘብ የሚሆነው ገበያ ሲደርስ ነው፣ ገበያውን ቀድማችሁ ዝጉበት። ቀጥሎ የተፈረመውን የርክክብ ወረቀት ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። ወረቀት የሌለው አቤቱታ ወሬ ብቻ ነው። ከዚያ በቅርብ ያለው የቡድኑ አባል ከብቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ ሄዶ ይጠይቅ። በራሳችሁ መሣሪያ ይዛችሁ ሌባ ለማሳደድ አትውጡ። ከብት ይተካል፤ በዚህ መንገድ ላይ ሰው የጠፋበት ቤት ግን የሚያጽናናው የለም።

በአገራችን በኩል ያለውን ሕጋዊ መንገድም አንናቅ። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ግብይቱ በታወቀ የገበያ ማዕከል፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ እንዲከናወን ያዛል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ቀረጥ ወጥመድ እናየዋለን። ነገር ግን ከሕጋዊ ገበያ የተገዛ፣ ዲክላራሲዮን ያለው ከብት ሲሰረቅ ባለቤትነትን ማስረዳት ይቻላል። በጫካ የተሻገረ ከብት ሲሰረቅ ግን ባለቤቱ ራሱ ተደባቂ ስለሆነ የሚጮኽበት አፍ የለውም። ሌባም ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ የሚመርጠው እርሱን ነው።

ለውይይት

ይህን ትምህርት ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ስታነቡ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተነጋገሩ።

• ባለፈው ጭነታችሁ ከአራቱ ርክክቦች በስንቱ ላይ የሁለቱም ወገን ፊርማ ነበር?
• የመጨረሻውን ጭነት የወሰደውን ሾፌር ሙሉ ስምና የመኪናውን ባለቤት ስም ሳትጠይቁ መናገር ትችላላችሁ?
• «ሞተ» ለተባለ ከብት ማስረጃ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠየቃችሁ የከለከላችሁ ምንድን ነው?
• ተታላችሁ ዝም ያላችሁበት ጊዜ አለ? ያ ሰው ከዚያ በኋላ የማንን ከብት ጫነ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከባዱ ነው። መልሱን ለራስ ብቻ መያዝ ይቀላል፤ ቡድን የሚጀመረው ግን አንድ ሰው ደፍሮ ጮክ ብሎ ሲመልሰው ነው። ሙወይሊሕ ላይ ገዢው «ዳሚኑ ማን ነው?» ሲል ሁሌም የሚመልስለት ሰው አለ። ገላባት ላይ መኪናው ሲጫንም ይኸው ጥያቄ ይጠየቅ፤ መልሱም «እኛ ነን» የሚል ይሁን።